“ስኳር የለበትም እኮ!” — ከልጆቻችን እጅ ወደ ውሻው አፍ ስለሚሻገረው ጣፋጭ



የዛሬው ጨዋታችን ስለ ውሻ ነው። “ደግሞ ለውሻ ብሎ ጋዜጣ!” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ የውሻ ብቻ ሳይሆን የልጆቻችንም ነው። ውሻው ታሞ ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰው ማን ሆነና? ብዙውን ጊዜ በፍቅር ያበላውም፣ ደንግጦ የሚያለቅስለትም ያው ልጅ ነው።

ድሮ የግቢ ውሻ ድርሻው የታወቀ ነበር። ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ማታ የተራረፈ እንጀራና አጥንት ይጣልለታል። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ነውና ተረቱ፣ ሒሳቡ በዚሁ ያልቃል። ዛሬም በብዙ ቤት ኑሮው ይኸው ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ውሻው የልጆች ጓደኛ ሆኗል። ስም ወጥቶለታል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ ዘሎ ይቀበላቸዋል፤ ቴሌቪዥን ሲያዩ እግራቸው ሥር ይጋደማል። ልጅ ደግሞ የሚወደውን ነገር ለሚወደው ይሰጣል። ከብስኩቱ ይቆርስለታል፣ የኬኩን ክሬም በጣቱ ያስልሰዋል፣ ከረሜላውን ወርውሮ በአየር ላይ ሲቀልበው ይስቃል።

ሌላው የተለወጠው ነገር የቤታችን ጣፋጭ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ጣፋጭ ማለት ደስታ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ሸንኮራ፣ ሲገኝም ቦምቦሊኖ ነበር። አሁን ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት የሚወጣውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጥቁር ቸኮሌት፣ በዘቢብ የተሞላ ኬክ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ለስኳር ሕሙማን የተዘጋጀ ከረሜላ፣ ስኳር አልባ ማስቲካ። ከመደብርም እንደ ልብ ይገዛል። ጣፋጩ ተለወጠ፤ የውሻው ጉበትና ኩላሊት ግን ያው የጥንቱ ነው።

እናም “ጣፋጭ ለውሻ ይስማማዋል ወይ?” የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ውሻን በአንድ ቀን ለሞት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ስኳሩ አይደለም፤ ከስኳሩ ጋር አብሮ የገባው ወይም በስኳሩ ፈንታ የተተካው ነገር ነው። ይህችን ከያዝን ሌላው ሁሉ ቀላል ይሆናል።

ውሻ ጣፋጭ ይወዳል?

በሚገባ ይወዳል። ድመት የስኳርን ጣዕም የምትለይበት የምላስ ተቀባይ የላትም፤ ከረሜላ ብትጥሉላት አሽትታ የምታልፈው ለዚህ ነው። ውሻ ግን ጣፋጭን እንደኛው ይለያል። ከዚህም በላይ ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት ሆዱ የሰውን ትራፊ ለምዷል። በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይፋ የሆነ አንድ ጥናት፣ ውሾች ዱቄት ነክ ምግብን ለመፍጨት የሚረዳውን ዘረ መል ከዘመዳቸው ከተኩላ በብዙ እጥፍ እንደሚይዙ አሳይቷል። እንጀራና ዳቦ በልቶ የሚኖረው ስለዚህ ነው።

ችግሩ ምላሱ የወደደውን ሁሉ ሆዱ የማይችለው መሆኑ ነው። “በልቶት ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ጅራቱን ቆላ” ማለት ማስረጃ አይሆንም። ውሻ ለመርዝም ጅራቱን ይቆላል፤ ጣፋጭ እስከሆነ ድረስ።

ስኳሩ ራሱስ?

አንድ ተራ ብስኩት፣ አንድ ቁራሽ ጣፋጭ ዳቦ ወይም ጣት ላይ የተረፈች ማር ጤነኛ ውሻን አትገድልም። ጣፋጭ ውሻን ያሳውራል ወይም ትል ያመጣበታል ሲባል እሰማለሁ፤ ይህም ትክክል አይደለም። የሆድ ትል ከእናቱ፣ ከተበከለ አፈር፣ ከቁንጫ ወይም ከጥሬ የሆድ ዕቃ ይመጣል እንጂ ከከረሜላ አይመጣም።

ይህ ማለት ግን ስኳር ለውሻ ይጠቅመዋል ማለት አይደለም። ጉዳቱ በዝግታ ነው የሚመጣው። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚመክሩት፣ ከመደበኛው ምግብ ውጭ ለውሻ የሚሰጥ ማንኛውም መክሰስ በቀን ከሚያስፈልገው ካሎሪ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። እስቲ እናስላው። 10 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን የሚበቃው በግምት 600 ካሎሪ ነው። አሥር በመቶው 60 ካሎሪ ይሆናል። አንድ ጣፋጭ ብስኩት ከ30 እስከ 50 ካሎሪ ሊይዝ ይችላል። እንግዲህ ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ብስኩት “ለራሱ ብቻ” ቢሰጡት፣ ውሻው የቀኑን መክሰስ በብዙ እጥፍ በላ ማለት ነው። አያት ከጀርባ የጨመሩለት ሳይቆጠር!

ውጤቱ ውፍረት ነው። የወፈረ ውሻ መገጣጠሚያው ያመዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ጥርሱና ድዱም ይጎዳል። ቅባትና ክሬም የበዛበት ኬክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቆሽቱ በድንገት እንዲቆጣ ሊያደርግ ይችላል። የልደት ኬክ ትራፊ በጎድጓዳ ሳህን የተሰጠው ውሻ በማግስቱ ሆዱን እያመመው ሲያስመልስና ምግብ እምቢ ሲል “ቡዳ በልቶት ነው” ከማለት በፊት ኬኩን ማስታወስ ይበጃል።

መጠቅለያውንም አትርሱ። ውሻ ከረሜላ አይልጥም። ወረቀቱን፣ ፎይሉን፣ የሎሊፖፑን እንጨት አብሮ ይውጠዋል፤ አንጀቱን ሊዘጋውም ይችላል። ሸንኮራም ቢሆን ጭማቂው መርዝ አይደለም፤ አኝከን የምንተፋው ገለባ ግን ለውሻ አንጀት መልካም አይደለም።

ቸኮሌት፦ የሁሉም አለመመሳሰል

ቸኮሌት ለውሻ መርዝ መሆኑን ብዙዎቻችን ሰምተናል። “የእኔ ውሻ በልቶ ምንም አልሆነም” የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ በዓይነቱ፣ በመጠኑና በውሻው ክብደት ላይ ነው።

በካካዎ ፍሬ ውስጥ ቲዮብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በቡና ውስጥ ያለው የካፌይን የቅርብ ዘመድ ነው። የሰው አካል ቶሎ ያስወግደዋል። ውሻ ግን ከገባበት ውስጥ ግማሹን ብቻ ለማስወገድ 17 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልቡ ይደልቃል፣ ያቅበጠብጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፤ ሲብስ ያንቀጠቅጠዋል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በልቶ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ የበላው ቸኮሌት እኩለ ሌሊት ላይ ይነሳበታል ማለት ነው።

መጠኑን እንመልከት። ለእያንዳንዱ ኪሎ የውሻ ክብደት 20 ሚሊግራም ያህል ቲዮብሮሚን ሲደርስ ቀላል ምልክቶች ይጀምራሉ። 40 እና 50 ላይ ልብ ይታወካል። 60 ሲደርስ መንቀጥቀጥ ይመጣል። በወተት የተሠራ ቸኮሌት በአንድ ግራም 2 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። ጥቁሩ 5 እና ከዚያ በላይ፤ የኮኮዋ ዱቄት ደግሞ 20 እና ከዚያ በላይ ነው። ነጩ ቸኮሌት ከዚህ መርዝ ከሞላ ጎደል ነፃ ነው፤ ስኳሩና ቅባቱ ግን አለበት።

በዚህ ስሌት 10 ኪሎ የሆነ ውሻ 100 ግራም የወተት ቸኮሌት ቢበላ ቀላሉ ሕመም ደጃፍ ላይ ነው። ያንኑ 100 ግራም ከጥቁሩ ቢበላ ልቡን የሚያውክ መጠን ላይ ደርሷል። ከኮኮዋ ዱቄት ከሆነ ደግሞ 25 ግራም፣ ማለትም ጥቂት የሾርባ ማንኪያ፣ ይበቃል። 3 ወይም 4 ኪሎ ለሚመዝኑት ትንንሾቹ የፈረንጅ ውሾች ይህ ሁሉ ወደ ሲሶ ያህል ይወርዳል። የቤት ኬክ ለምትጋግሩ እናቶች ምክሬ ይህ ነው፤ የኮኮዋውን ጣሳ ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ።

“ስኳር አልባው” የባሰው ነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ቸኮሌትን ብዙ ሰው ይጠረጥራል። ይህኛውን ግን የሚጠረጥረው የለም፤ ስሙ ራሱ “አትፍሩኝ” ይላልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት የስኳር ሕመም አለባቸው። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ስኳር አልባ ማስቲካ በፕላስቲክ ብልቃጥ ትልክላቸዋለች። ቡቺ የሚባል መካከለኛ ቁመት ያለው የአበሻ ውሻም አላቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተጠርቼ እቤታቸው ነበርኩ። ስድስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃቸው ለቡቺ ከረሜላ ልትሰጥ ስትል፣ “ተይ እናቴ፣ ጣፋጭ ለውሻ አይሆንም” አሏትና ከብልቃጡ ጥቂት ማስቲካ አፈሱላት። “ይኸው፣ ይህ ስኳር የለበትም፤ ይህን ስጪው” አሏት። የሚያስቡለት ሰው ናቸውና።

ሁለተኛው ቡና ሳይፈላ ቡቺ መንገዳገድ ጀመረ። እንደ ሰካራም ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። አስመለሰ። ከዚያ ቧንቧው አጠገብ ተኛና ሲጠሩት ጭንቅላቱን እንኳ ማንሳት አቃተው። የልጅቱ አባት ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ደወለ። ሐኪሙ “ምን በላ?” ብሎ ጠየቀ። ማስቲካ ሲባል “ማሸጊያውን አንብቡልኝ” አለ። ብልቃጡን አንስቼ በስልኩ ላይ እያንዳንዱን ቃል አነበብኩለት። “ዛይሊቶል” የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠኝ። “በቃ! ቤት ውስጥ ማር አለ? ድዱ ላይ ቀቡትና አሁኑኑ ይዛችሁ ኑ” አለ።

ቡቺ ግሉኮስ ተተክሎለት አደረ፤ ጉበቱ መጎዳት አለመጎዳቱን ለማየት ለሦስት ቀን ደሙ ሲመረመር ሰነበተ። ተረፈ። አባት ግን ሦስቱንም ቀን እህል በአግባቡ አልበሉም። “ስኳር የለበትም እኮ!” ይላሉ ደጋግመው፤ “ስኳር የለበትም ብዬ እኮ ነው!”

አባባ ተሳስተዋል ማለት ይከብደኛል። ለእርሳቸው ስኳር ጠላት ነው፤ ስኳር የሌለበት ደግሞ ወዳጅ። ያንኑ ሚዛን ነው ለውሻቸው የተጠቀሙበት። ነገሩን ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ለመጻፍ የተነሳሁት ስለዚህ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዛይሊቶል በሰው ላይ ኢንሱሊንን እምብዛም አያነሳሳም፤ ለስኳር ሕሙማን የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በውሻ ላይ ግን ቆሽቱ “ብዙ ስኳር ገባ” ብሎ ይሳሳትና ኢንሱሊን በገፍ ይለቃል። በዚህ ጊዜ በደሙ ውስጥ ያለችው ስኳር ሙልጭ ብላ ትወርዳለች። የስኳር ሕመም ያለባችሁ አንባብያን “ስኳሬ ወረደ” ስትሉ የሚሰማችሁን መፍዘዝና መንቀጥቀጥ ታውቁታላችሁ። ውሻው ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ እንዲያውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ። አንዳንዴ ግን ሰዓታት ዘግይቶ ይመጣል።

ይህን ለማድረስ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ግራም ይበቃል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 1 ግራም ማለት ነው። አንዳንድ የማስቲካ ዓይነት በአንዷ ፍሬ ብቻ ወደ 1 ግራም ሊይዝ ይችላል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ 0.5 ግራም ሲደርስ ጉበትን ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም ውሻ ያላቸውን ሰዎች በይፋ ያስጠነቀቀበት ነገር ነው።

የሚገኘው ማስቲካ ውስጥ ብቻ አይደለም። ስኳር አልባ ከረሜላና ብስኩት፣ አንዳንድ የለውዝ ቅቤ፣ የአፍ መጉመጥመጫ፣ የሕፃናት ቫይታሚንና ሽሮፕ፣ እንዲሁም የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል። የውሻን ጥርስ በሰው የጥርስ ሳሙና አለመቦረሽ ይሻላል። ማሸጊያ ላይ ስታነቡ በእንግሊዝኛው “ኤክስ” በሚባለው ፊደል የሚጀምረውን ስም ፈልጉ። አንዳንዱ “ኢ 967” ብሎ በቁጥር ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ “የበርች ስኳር” ብሎ በዛፉ ስም ይጠራዋል። እንደ ሶርቢቶልና ስቴቪያ ያሉት ሌሎች ማጣፈጫዎች ይህን የኢንሱሊን ጣጣ አያመጡም፤ ሲበዙ ግን ሆድ ሊያውኩ ይችላሉ።

ዘቢብ፣ ሊጥና ቡና

ዘቢብ በእኛ ቤት የከበረ ነገር ነው። ውሻ ዘንድ ሲደርስ ግን ወይንም ሆነ ዘቢብ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። የሚያስቸግረው “እስከዚህ ድረስ አይጎዳም” የሚባል የተረጋገጠ መጠን አለመኖሩ ነው። አንዱ ውሻ እፍኝ በልቶ ምንም ሳይሆን ሌላው በጥቂት ፍሬ ይወድቃል። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በእንስሳት መመረዝ ላይ የሚሠሩ ሐኪሞች ተጠያቂው በወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸዋል። ይኸው አሲድ ሮቃ ወይም ሁመር በምንለው ፍሬ ውስጥም በብዛት አለ። ውሻው በመጀመሪያው ቀን ያስመልሳል፣ ይደክማል፤ ቀጥሎ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ሽንቱ እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። በገና ሰሞን የሚገዛው ባለ ዘቢብ ኬክ፣ ዘቢብ የተቀላቀለበት ቆሎና ዘቢብ ያለበት ብስኩት ሁሉ ከውሻ ይራቁ።

በእርሾ የተቦካ የስንዴ ሊጥም አደገኛ ነው። ለድፎ ዳቦ ወይም ለቦምቦሊኖ ተቦክቶ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠውን ውሻ ቢጎርሰው፣ ሊጡ በሞቃት ሆዱ ውስጥ ኩፍ ማለቱን ይቀጥላል። ሆዱ ይነፋል፤ እርሾው የሚያወጣው አልኮልም ያሰክረዋል። የተጋገረው ዳቦ ይህ ችግር የለበትም።

ቡናችንንም መርሳት አይገባም። የስኳር ቡና ትራፊና የቡና አተላ ካፌይን አላቸው፤ ካፌይን ደግሞ ከቸኮሌቱ መርዝ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ስኒ የታጠበበትና አተላ የተደፋበት ቦታ ውሻው የሚልስበት እንዳይሆን ማድረግ ብዙ አያስቸግርም።

ከበላ በኋላ ምን እናድርግ?

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይባላል። ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱን መብላቱን ካወቃችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ።

በመጀመሪያ የተረፈውን ከአካባቢው አንሱ፤ ማሸጊያውን ግን አትጣሉ። ምን እንደበላ፣ ስንት ያህል እንደበላና ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፉ። ክብደቱን የማታውቁ ከሆነ ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ቁሙ፤ ከዚያ ብቻችሁን ቁሙና ልዩነቱን ያዙ። በእነዚህ አራት ነገሮች አንድ የእንስሳት ሐኪም በስልክ ብዙ ሊወስን ይችላል። ልጁ “እኔ ነኝ የሰጠሁት” ለማለት ፈርቶ ከደበቀ ግን ሐኪሙ በጨለማ ነው የሚሠራው። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ማለት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እውነቱን አግኙ፤ ቁጣ ካስፈለገም በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ በግድ ወተት አትጋቱት። መርዝ ለበላ ውሻ ወተት ወይም ዘይት ማጠጣት በየሰፈሩ የታወቀ ነው። ወተት ግን የቸኮሌቱንም ሆነ የዛይሊቶሉን መርዝ አያረክስም። የደከመ ውሻ አፍ ውስጥ በግድ ሲፈስም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ለማስመለስ ተብሎ ጨው መስጠትም ራሱን የቻለ መርዝ ነው። ማስመለስ የሚጠቅም ከሆነ ሐኪሙ በመርፌ ያደርገዋል፤ ይህም ቶሎ ሲደረስ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት። ለቸኮሌት ማርከሻ የሚባል መድኃኒት የለም። ሐኪሙ ሆዱን ያጸዳል፣ ለሕክምና የተዘጋጀ ከሰል ይሰጣል፣ ልቡን እየጠበቀ መርዙ እስኪወጣ ይደግፈዋል።

ሦስተኛ፣ ዛይሊቶል የበላ ውሻ እየተንገዳገደና እየደከመ ከሆነ፣ ሐኪሙን እያናገራችሁ ድዱ ላይ ጥቂት ማር ወይም የስኳር ብጥብጥ ቀቡት፤ መዋጥ ካልቻለ ግን አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ይህ መንገድ ላይ ጊዜ መግዣ እንጂ ሕክምና አይደለም። ነገሩን ልብ በሉልኝ፦ “ስኳር የለበትም” የተባለው የጣለውን ውሻ ለጊዜው የሚያነሳው ያው የምንፈራው ስኳር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይሆን፣ የሁለት የእንስሳት ሐኪሞችን ስልክ ፈልጋችሁ ያዙ። ሌሊት የሚሠራ መኖሩን ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ። በቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። በሌሎች ከተሞች የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ለልጆችና ለእንግዶች

ልጅን “ለውሻው ምንም እንዳትሰጥ!” ብሎ መቆጣት አይሠራም፤ ተደብቆ ይሰጣል። የተሻለው አንዲት ቀላል ደንብ ማውጣት ነው፦ “ለቡቺ ከመስጠትህ በፊት ለትልቅ ሰው አሳይ።” በእኛ ቤት የተፈቀዱትን በአንድ ትንሽ ዕቃ አድርገን አስቀምጠናል። ልጆቹ ከዚያ ብቻ ነው የሚወስዱት። መስጠት ተፈቅዶላቸዋል፤ የሚሰጡት ግን ተመርጧል።

ሌላው ደንብ ከዚህ ይበልጣል። ውሻው ቸኮሌት ወይም ማስቲካ ቢነጥቅ ልጅ ከአፉ ሊያስለቅቀው አይሞክር። የሚወደውን የነጠቁት ውሻ፣ የዋህ ቢሆን እንኳ፣ ሊነክስ ይችላል። ልጁ ትልቅ ሰው ይጥራ። ትልቁም ሰው ቢሆን በሌላ ምግብ አታሎ ማስጣል ይቀለዋል። ድንገት ንክሻ ከደረሰ ቁስሉን በብዙ ውኃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላልና የቤት ውሻ ነው ብሎ መተው አይገባም። ውሻውም በየጊዜው መከተብ አለበት።

በበዓልና በልደት ቀን ደግሞ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ እያንዳንዱ እንግዳ ለውሻው አንዳንድ ቁራሽ ይወረውራል። በዚያን ዕለት ውሻውን አብልቶ ራቅ ያለ ቦታ ማሰር ወይም ክፍል ማስገባት ጭካኔ አይደለም። የእንግዳን ቦርሳም ከወለል አንስታችሁ ስቀሉ። ውሻ ማስቲካ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከቦርሳ ውስጥ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን እንስጠው?

ጣፋጭ ለሚወድ ውሻ ርካሽና ጤናማ ነገር ሞልቷል። የካሮት ቁራጭ አብዛኞቹ ውሾች በደስታ ይቀረጥፉታል። ያለ ጨውና ያለ ስኳር የተቀቀለ ዱባ ወይም ስኳር ድንች፣ አንድ ሁለት ቁራጭ ሙዝ፣ ፍሬው የወጣለት ፓፓያ፣ ፍሬው የተለቀመለት ሐብሐብ፣ ፍሬው የወጣለት አፕል መስጠት ይቻላል። ማንጎም ይሆናል፤ ፍሬው ጉሮሮ ወይም አንጀት ሊዘጋ ስለሚችል ሥጋውን ብቻ ስጡት። ከቡና ቁርስ ጨውና ስኳር ያልነካው ጥቂት ፈንዲሻም ችግር የለውም። እነዚህም ቢሆኑ ከዚያ ከ10 በመቶው ውስጥ ይቆጠራሉ።

አያቶችን በተለይ አደራ የምለው ነገር አለኝ። በብዙ ቤት ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ እናትና አባት ሥራ ላይ ሳሉ፣ ቤቱን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። መድኃኒታችሁን ከልጅ ልጆቻችሁ እንደምትሸሽጉት፣ ያንን ስኳር አልባ ማስቲካና ከረሜላም ከፍ ያለ ቦታ ሸሽጉት። ከውጭ የሚመጣ ልጅም ሲደውል “ምን ላምጣላችሁ?” ካለ ማሸጊያውን አንብቦ፣ በኤክስ የሚጀምረው የሌለበትን እንዲመርጥ ንገሩት።

እኛ ቤት ደግሞ የሚቀጥለው እንግዳ ለገና ይመጣል። የሻንጣውን ዝርዝር ከወዲሁ ጠይቄያለሁ።

ቸር ሰንብቱ!